ለወር አበባ ሕመም፦ የሕመም ፈቃድ ወይስ ራሱን የቻለ ፈቃድ?

ስታዲየም አካባቢ በምሠራበት ድርጅት አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ባልደረባዬ በየወሩ አንድ ቀን በግራ እጇ ሆዷን ደግፋ በቀኝ እጇ ብር ስትቆጥር አያለሁ። ፈቃድ የማትጠይቅበት ምክንያት በሁለቱ አማራጮች መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

የሕመም ፈቃድ ዛሬም በእጅ ያለ መብት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል። ችግሩ የሐኪም ማስረጃው ነው፤ ሕመሙ ጠዋት ጀምሮ ማታ ለሚበርድላት ሴት፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ካርድ አውጥታና ወረፋ ጠብቃ ወረቀት ማምጣት ሥራ ከመግባት የባሰ ይከብዳታል።

ራሱን የቻለ ፈቃድ ይህን እንግልት ሊያስቀር ይችላል። በዛምቢያ ሕግ ሠራተኛዋ ያለ ሐኪም ማስረጃ በወር 1 ቀን ታርፋለች። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ማስረጃ ብትጠይቅም፣ ክፍያውን መንግሥት ስለሚሸፍነው የአሠሪው ሸክም ይቀላል። ወጪው በአሠሪው ላይ ብቻ ሲወድቅ ግን ሴት ከመቅጠር ሊሸሽ ይችላል። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ሴቶች ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው እንዲሠሩ ማስገደጃ ሊሆን አይገባም።

እንደ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ያለ ችግር ላለባት ሴት፣ ምርመራና ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ስለሚያስፈልጓት የሕመም ፈቃዱ ይሻላታል። በየወሩ አንድ ቀን ብቻ ለምትቸገር፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትሠራ ወይም ከመስኮቷ መነሣት ለማትችል፣ ራሱን የቻለው ፈቃድ ይስማማል።