የዊልቸር ምልክት ያለበት ቦታ ለማን ነው? ከሰሚት እስከ አያት ያየሁት

ዘንድሮ ለገና አገር ቤት የገባሁት እናቴን ለማየት ነው። እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የምትኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ደግነቱ ቤቷ ግራውንድ ላይ ነው። እንደኔ አቅመ ደካማ ወላጅ ያላችሁና አገር ቤት ልትሄዱ ያሰባችሁ ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

ብዙው ነገር ጥሩ ነበር። መኪና ከነሹፌሩ ተከራየሁ። ልጁ ሰዓት አክባሪ ነው፣ እናቴንም እንደ እናቱ ነው የሚይዛት። ቤት ድረስ የሚመጣው ፊዚዮቴራፒስት ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ባለሙያ ቤት ድረስ ለማስመጣት ስንት ወረቀት እንደሚሞላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ያንገበገበኝ የሱፐርማርኬቱ ጉዳይ ነው።

የገና ዋዜማ ነበር። እናቴ ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ራሷ ልትመርጥ ፈልጋለች። ከታመመች ጀምሮ ሱቅ ገብታ አታውቅም። ሰሚት አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሄድን። በሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ዊልቸር ተስሏል። መወጣጫውም ደረጃ የለውም። ሳየው በጣም ደስ አለኝ፣ አገሬ እዚህ ደረሰች አልኩ።

ግን አንደኛው ቦታ ላይ ነጭ ላንድ ክሩዘር ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም፣ ውስጡ አንድ ወጣት ስልክ ያወራል። ሁለተኛው ላይ ኮን ተቀምጧል። ጥበቃውን ኮኑን እንዲያነሳልን ጠየቅነው። እናቴን አየና ዓይኑን ሰበረ። «እህቴ፣ ይሄ ለሰው ተይዟል» አለኝ። ለማን ነው ስለው «የሕንፃው ባለቤት እንግዳ አለባቸው» አለ። ከዚያ «እማማን እዚሁ በር ላይ አውርዷቸውና መኪናውን ውጭ አስፋልት ላይ አቁሙት» ብሎ መከረን።

እሺ ብለን ሞከርን። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይዞ የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስለዋል። የመኪናው በር ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ዊልቸሩ ከወንበሩ ጎን ተጠግቶ መቆም አለበት። ሁለት ሰው ደግፎ ቀስ እያለ ማዞር አለበት። ከኋላችን መኪኖች ተሰለፉ። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ሁሉም ቸኩሏል። ክላክሱ አናት ይበጥሳል። እናቴ አንድ እግሯ መሬት፣ አንድ እግሯ መኪና ውስጥ እንዳለ ተሳቀቀች። «ተይው ልጄ፣ በዓል ነው፣ ከሰው አትጣይ። እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ» አለችኝ። መልሰን አስገባናት።

ገና እዚያው እያለን አንድ የቤት መኪና መጣ። ሰውየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለጥበቃው የታጠፈ ብር ሰጠው። ኮኑ ተነሳ። ሰውየው አቁሞ፣ በሩን ዘግቶ፣ በሁለት ጤነኛ እግሩ ወደ ሱፐርማርኬቱ ገባ። ተከትዬው «ወንድሜ፣ ይሄ ቦታ የዊልቸር ነው፣ እናቴ መኪና ውስጥ ናት» አልኩት። «ሁለት ደቂቃ ነው እህቴ፣ አሁን እወጣለሁ» አለኝ። ያን ሁሉ የካሸር ሰልፍ ጨርሼ ስወጣ መኪናው እዚያው ነበር።

ውጭ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀን። ትኬቱ ላይ የተጻፈው 20 ብር ነው፣ ልጆቹ የጠየቁን 100 ብር። ምክንያታቸው «በዓል ነው» የሚል ነው። ሹፌሩ ተከራከረ። እናቴ ደክሟት ስለነበር ከፈልኩና ሄድን።

ከዚያ በፊት ግን የሱፐርማርኬቱን ኃላፊ አስጠርቼ ነበር። ትሁት ሰው ነው፣ ይቅርታም ጠይቆኛል። ነገር ግን «ፓርኪንጉም ጥበቃውም የሕንፃው ነው፣ እኛ ተከራይ ነን» አለኝ። የሕንፃው አስተዳደር ቢሮ ደግሞ ለበዓል ተዘግቷል። ምልክቱን የሳለው አንዱ፣ ቦታውን የሚሸጠው ሌላው፣ ተጠያቂው ማንም የለም።

በጥበቃው ላይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። ላንድ ክሩዘር ይዞ የመጣን ሰው «አይቻልም» ቢል ማን ከጎኑ ይቆማል? ደሞዙም የታወቀ ነው። አለቆቹ «ይህ ቦታ ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ነው፣ ባለቤቱም ቢሆን አያቆምበትም» ብለው ግድግዳው ላይ ቢጽፉለት እኮ ወደዚያ እየጠቆመ ይመልስ ነበር።

እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ በአካል ጉዳተኛ ቦታ ያለፈቃድ ያቆመ ሰው ከ100 እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ቦታው የተሰጠውም በሩ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ጋር የተያያዘው ደንብ ከቦታው ጎን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ መተላለፊያ እንዲኖር ያዛል። ዊልቸሩ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉ ሰው ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም። የዘመዱን ምልክት መስታወቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚያቆም ጤነኛ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ለነፍሰ ጡርና ሕፃን ለያዘ ተብለው የተጻፉት ቦታዎችም በአብዛኛው የሱቁ ትብብር ናቸው፣ ቅጣት የላቸውም። የዊልቸሩ ግን የሕግ ነው።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ለአቅመ ደካማ ቦታ መያዝም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ሲያዝ ከርሟል። ከዚያም በላይ፣ እኛ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብለን ከመቀመጫችን የምንነሳ ሰዎች ነን። ያ ሰውዬም ቤቱ እናቴ ብትገባ እንደሚነሳላት እርግጠኛ ነኝ። የመኪና መሪ ስንይዝ ምን እንደሚነካን አላውቅም።

ተስፋ እንዳልቆርጥ ያደረገችኝ አያት ያገኘኋት ልጅ ናት። ባቡሩ የሚያበቃበት አካባቢ ያለ ትንሽ ሱፐርማርኬት ነው። የተሳለ ምልክት የለውም፣ በሩ ላይም ደረጃ አለው። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች የፓርኪንግ ሠራተኛ እናቴን ጋቢና ስታያት ሳንጠይቃት ኮኑን አንስታ በሩ አጠገብ አስገባችን። ከኋላችን አንድ ፒካፕ ሊጠጋን ሲል «ወንድም፣ ራቅ በል፣ እማማ የሚወርዱት በዚህ በኩል ነው» ብላ መለሰችው። ስለ መተላለፊያው ስፋት ማንም አላሠለጠናትም። የውስጥ ሠራተኞች ሁለት ሆነው ዊልቸሩን ደረጃውን አሻገሩት። እናቴ የቡና ስኒ እያንዳንዱን እያገላበጠች መረጠች፣ በዋጋውም ተከራከረች። ስንወጣ ልጅቷ ትኬቱ ላይ ያለውን ብቻ ተቀበለችን። ጉርሻ ስሰጣት «ግዴታዬ ነው» ብላ እንቢ አለች፣ ለምኜ ነው የተቀበለችኝ።

በዊልቸር ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የበዓል ዋዜማን ተዉት። በሥራ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ሂዱ። ቀድማችሁ አንድ ሰው ልካችሁ ቦታውን አሳዩ፣ በየትኛው በኩል እንደሚወረድም ለጥበቃው ንገሩ። የትኬቱን ዋጋ ሳታዩ ብር አታውጡ።

የሰሚቱ ሕንፃ አስተዳደር ጋ ከበዓል በኋላ ሄጄ አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ኮኑ እንዲነሳና ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ነው የጠየቅኩት። ስልኬን ተቀብለው እንደውላለን ብለዋል። እስካሁን አልደወሉም።