የእድራችንን ማስታወቂያ የማሳትምበት ኮፒ ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ ፍርድ ቤቱ አለ፤ ወረቀት የማይፈልግ ሰው የለም። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የምመላለሰው ወደ አንድ ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም። ወደ ኋላ ላይ የማነሳት አንዲት ወቀሳ አለችኝ፤ ባለቤቲቱ ደግሞ ቡና የምንጠራራ ጎረቤት ናት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ካልኩ የሰፈሬ ሰው ይገባዋል።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። የእድራችንም ጸሐፊ ነኝ። «የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ያምራል» ብለው ጣሉብኝ። ግን ዛሬ የእጅ ጽሑፍ ማን ያያል? ሰው በኮምፒውተር ያልተጻፈ ነገር እንደ ቁም ነገር አይቆጥርም። ሞት ሲሆን ጥሩምባ እናስነፋለን። ለሌላው ሁሉ ወረቀት እንለጥፋለን፦ የስብሰባ ጥሪ፣ የሂሳብ ሪፖርት፣ ውዝፍ መዋጮ ያለባቸው ሰዎች ዝርዝር፣ የድንኳን ኪራይ። ከተማዋ ገና መንቆረር ስትባል አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነበር። አሁን የስልክ እንጨት ላይ ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ፣ አንድ አግዳሚ። አግዳሚው አራት ሰው ይይዛል። አምስተኛው በር ላይ ይቆማል፤ ሐምሌ ከሆነ ግማሽ ጎኑ ይበሰብሳል። ባለቤቲቱ ሂሳብ ትቀበላለች፣ ኮፒ ታነሳለች። ጽሑፉን የምትሠራው አንዲት ወጣት ልጅ ናት። እሷን ነው የማደንቀው።

ልጅቱ ያላነበበችው የእጅ ጽሑፍ የለም። የሐኪም ጽሑፍ የሚመስል የሰንበቴ ቃለ ጉባኤ ይመጣላታል፤ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አንዴ ታየዋለች፣ ከዚያ ጣቶቿ ይሮጣሉ። ያልገባትን ትጠይቃለች እንጂ ከራሷ አትጨምርም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ያስጻፍኩት ሪፖርት ላይ «ቀሪ ሂሳብ» ያልኩት «ቀሪ ሐሳብ» ሆኖ ወጥቶ፣ ገንዘብ ያዣችን «ለካ የቀረን ሐሳብ ብቻ ነው» ብሎ ሲሳለቅብኝ ከርሟል።

ከእሷ ጋር የምንጣላው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። የገዢውን ፓርቲ የብልፅግናን ስም ስትጽፍ በፀሐዩ ፀ ትጽፋለች። ቃሉ የሚዛመደው ከጸጋ ጋር ስለሆነ በጸሎቱ ጸ መሆን አለበት እላታለሁ። «መምህር፣ እነሱ ራሳቸው የሚጽፉት እንዲህ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሰው የራሱን ስም እንደፈለገ ይጻፍ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ ያምረኛል።

አሁን ወደ አግዳሚው ልመለስ፤ የዚህ ቤት ዋናው ነገር አግዳሚው ነውና። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው የሰፈሩን ሳምንት ጨርሶ ይነሳል። አንዱ የኮብልስቶን ኮሚቴውን የመዋጮ ደብዳቤ ይዟል። ሌላዋ ጤና መድኗን ልታሳድስ የመታወቂያዋን ኮፒ ታስነሳለች። የሰፈሩ ልጆች የኳስ ውድድር ሊጀምሩ ነው፣ የቡድኖቹን ድልድል ያስጽፋሉ። የቀበሌው ልጅ የውሃ መስመር ሊቆረጥ ስለሆነ ማስታወቂያ ያባዛል፤ እኛ ገና ሳይለጠፍ ሰምተን እቤታችን ደውለን ጀሪካን እናስሞላለን። ከጎኑ ደግሞ የፓርቲ አስተባባሪው የአባላት ኮንፈረንስ ጥሪውን ይዞ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ባለቤቲቱን ላመስግን። የተጻፈ ወረቀት ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው። የተገለበጠን ወረቀት ቀና አድርጎ ማየት በዚያ ቤት ነውር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ጫፉን በጣቱ ነካ አድርጎ ሊያይ ሲል «ወንድምዓለም፣ ያ ያንተ አይደለም» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሰውየው ግን እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

የ2013ቱ ምርጫ ሰሞን ይህ ሕግ ተፈትኖ አልፏል። ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ቤቱ ወረቀት በወረቀት ሆነ። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ የብልፅግና የአምፖል ምልክት ያለበት ወረቀት የያዘ ወጣትና የተፎካካሪ ፓርቲ ወጣት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አየሁ። ሁለቱም አንድ ሰፈር ያደጉ፣ ሁለቱም እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው። ልጅቱ የአንዱን ሥራ ጠረጴዛው በዚህ ጫፍ፣ የሌላውን በዚያ ጫፍ አስቀምጣ በላያቸው ድንጋይ ጫነችባቸው። ልጆቹ በመሀል ስለ ኳስ ሲያወሩ ነበር። የሁለቱንም ያተመው አንድ ማሽን ነው፤ የጨረሱትም አንድ ቶነር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውስ ታሪክ! አንድ ቀን የድሮ ፋይላችንን ስትፈልግልኝ ከጎኗ ቁጭ ብዬ አየሁ። የክልላችን ገዢ ፓርቲ የነበረው የብአዴን የደብዳቤ ራስጌ አለ። ቀጥሎ የአዴፓ አለ፤ ስሙ የተቀየረው 2011 መስከረም ላይ ነው። ቀጥሎ የብልፅግና፤ እሱ ደግሞ ኅዳር 2012። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ሦስት ራስጌ ማለት ነው። ከበታች ያለው ጽሑፍ ግን «የስብሰባ ጥሪን ይመለከታል» እንዳለ ነው። «ለምን አታጠፊውም?» አልኳት። «ሰው መጥቶ እንደ ድሮው አድርጊልኝ ይለኛላ» አለች።

ወቀሳዬም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ያለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የእድራችንን ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ላስጽፍ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ውሎ ገና መምጣቱ ነበር። አግዳሚው ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ «እኔን አስቀድሚኝ» ይላል፣ መብራቱ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ልጅቱ ጊዜ ለመቆጠብ ከአንድ ቀን በፊት የሠራችውን የአንድ ፓርቲ ጥሪ ከፈተች። መሀሉን አጥፍታ የእኛን ጻፈችበት። ራስጌውን ግን ረሳችው። ሠላሳ ኮፒ ወጣ። እኔም መነጽሬን እቤት ረስቼ ነበር፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ ለጠፍን፦ ወፍጮ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ሱቁ፣ የስልክ እንጨቱ። የቀረውን በየቤቱ አዳረስን።

ማታ ስልኬ አላርፍ አለ። የመጀመሪያው ደዋይ ሰላምታም አልሰጠኝም። «መምህር፣ እድሩን ለማን ሸጣችሁት?» አለኝ። ጠዋት ላይ አንዲት ትልቅ እናት የእድር ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው በሬ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ እኔ ሃያ ዓመት የከፈልኩት ለመቀበሪያዬ ነው። ለምርጫ አይደለም። ሂሳቤን ስጡኝ» አሉ። ቡና አፍልተን፣ ወረቀቱን አሳይቼ፣ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሳሳት አስረድቼ ነው የመለስኳቸው። ማስረዳቴ ብዙም አላሳመናቸው። ደብተሩ ላይ እንድፈርምላቸው አደረጉኝ። ከሰዓት ደግሞ የፓርቲው ሰው መጣ፤ ራስጌያቸውን ማን እንደፈቀደልን ሊጠይቅ።

ሰው ለምን ወዲያው አመነ ብዬ ሳስብ ነበር። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። «ለአባላት በሙሉ» ይላል። አጀንዳ 1፣ የሥራ ሪፖርት። አጀንዳ 2፣ የሂሳብ ሪፖርት። አጀንዳ 3፣ የአመራር ምርጫ። «መቅረት ያስቀጣል።» አንድም ቃል ይህ የእድር ነው፣ ያ የፓርቲ ነው ብሎ አይለይም። ቀበሌ የሚባለው ነገር ራሱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ሲመጣ ጀምሮ ሰፈራችን የሚሰበሰበው በእነዚሁ ቃላት ነው። የኢሕአዴግ ንብም መጥቶ ሄዷል፣ አምፖሉም መጥቷል፤ አባል፣ ሰብሳቢ፣ ጉባኤ የሚሉት ቃላት ግን እንዳሉ ናቸው። ሰው የሚያየው ራስጌውንና ማህተሙን ነው። ራስጌው ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የእድራችን ጉባኤ ምልዓት ሞልቶ አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ጠብቀን፣ ሁለተኛ ጥሪ ብለን፣ በመጣው ሰው ነው የምንጀምረው። የዚያን እሑድ ግን አዳራሹ ሞልቶ መስኮት ላይ ሰው ቆመ። ጉዱን ሊያይ ያልመጣ የለም። በቅጣት የምናገኘው ገንዘብ የዚያን ቀን ባዶ ሆነ፤ ገንዘብ ያዣችን እስካሁን ይቆጨዋል።

ኮፒ ቤቱ ግን ጥፋቱን አልካደም። ባለቤቲቱ ሠላሳውንም በነጻ ደግማ አተመች። ወንድሟን ልካ የተለጠፈውን አስነቀለች። የወፍጮ ቤቱ ብቻ በሊጥ የተለጠፈ ስለነበር አልላቀቅ አለ። ልጁ ራስጌውን በቢላ ፍቆት ሄደ። ጉባኤው ካለፈ በኋላም ያ ራስ የሌለው ጥሪ ዱቄት ለብሶ ወራት ቆየ።

ከ2015 ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜም ሳላነሳ ማለፍ የለብኝም። ቀድሞ ጽሑፌን በቴሌግራም እልክና ታትሞ ይጠብቀኝ ነበር። ያኔ ሁላችንም በእግራችን፣ በፍላሽና በእጅ ጽሑፍ ተመለስን። ቶነርና ወረቀት ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲዘጋ ቶነር ጠፋ። ልጅቱ ቀለሙን ቀንሳ ታትም ነበር። ጽሑፉ ገርጥቶ ስለሚወጣ አዛውንቶች ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያነቡታል። ያም ሆኖ አንድ ቀን «የለም፣ አንሠራም» ብላ አልመለሰችኝም። የዚያን ሰሞን ወሬ ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር፤ የትኛው እውነት እንደሆነ አይታወቅም። ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶበት የሚለጠፍ ነገር ዋጋው የገባኝ ያኔ ነው።

ዋጋውን ካነሳን፣ ለአንድ ገጽ ማስጻፊያ 40 ብር፣ ለአንድ ኮፒ 5 ብር ከፍያለሁ። ለእድርና ለሰንበቴ ትንሽ ትቀንሳለች። ለፓርቲ አትቀንስም፤ የትኛውም ይሁን። ይህን ራሷ ነግራኛለች፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

የሚጎድለው ምንድን ነው? ደረሰኝ። የምትሰጠው በእጅ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ናት። ኦዲተራችን ባየ ቁጥር ፊቱን ያጠቁራል። ጄኔሬተር የላትም፤ መብራት ከሌለ ሥራ የለም። አግዳሚው ላይ ሁለተኛ አግዳሚ ቢጨመር፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ወጣ ቢደረግ አልጠላም። ከአሥር ስምንት እሰጣታለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለራስጌው፣ ሌላዋን ለደረሰኙ ነው። ለፀሐዩ ፀ አልቀነስኩም።

ባለፈው ሳምንት የሂሳብ ሪፖርታችንን ልወስድ ሄጄ ነበር። ልጅቱ ወረቀቱን ገልብጣ አልሰጠችኝም። ከሌላው ሁሉ ለይታ ቀና አድርጋ ያዘችው፣ ራስጌውን በጣቷ እያሳየች ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም መነጽሬን አውጥቼ፣ አድርጌ፣ እንደገና አነበብኩት። የእኛው ነው። መቶ ብር ሰጠኋት፣ ዝርዝር የለኝም አለች። ስትሄዱ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ።