ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ አጭር ኮርስ ወይስ ሥራ ላይ መልመድ? አሜሪካ ገብቶ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን የቱ ያዋጣል

ከአሜሪካ ለዕረፍት ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ቤታችን መጡ። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ዲቪ ደርሶት ቪዛው ተመቶለታል፣ ወንድሙ ወዳለበት ቨርጂኒያ ነው የሚገባው። ሁለተኛዋ የእናቴ ወዳጅ ልጅ ናት፤ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት በሚኒባስ ወጥታ መጣች። ባሏ ዳላስ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ልትሄድ ፕሮሰሷን ጨርሳለች። ሁለቱም «ዴንታል አሲስታንት ጥሩ ነው ይባላል፤ የት ልማረው?» ነበር ያሉኝ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ የተነጋገርነውን ነው እዚህ የጻፍኩት። ከሁለቱም ከተማ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ ያጠራቀማትን ገንዘብ የማይሆን ቦታ ላይ ሲጥላት አይቻለሁ። እኔም ጥያለሁ።

መጀመሪያ ግን ሁለት የሚምታቱ ሥራዎችን እንለይ። ዴንታል አሲስታንት ከሐኪሙ ጎን ተቀምጦ መሣሪያ የሚያቀብል፣ ምራቅና ውሃ የሚመጥ፣ ራጅ የሚያነሳ፣ መሣሪያ አጥቦ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ የሚቀቅል፣ በሽተኛ የሚያረጋጋ ነው። ዴንታል ሃይጂኒስት ደግሞ በራሱ ወንበር ላይ የበሽተኛውን ጥርስ ከድንጋይና ከቆሻሻ የሚያጸዳ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ የአሲስታንት መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 46,540 ዶላር፣ የሃይጂኒስት 87,530 ዶላር ነበር። ልዩነቱን ሲሰሙ ሁሉም «እንግዲያው ሃይጂኒስት ልሁን» ይላሉ። ይቻላል፤ ግን ኬሚስትሪ፣ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ የመሳሰሉትን ቅድመ ትምህርቶች ጨምሮ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ ለመግባትም ፉክክሩ ከባድ ነው። የአሲስታንት ሥራ ክሊኒኩን ከውስጥ ያሳያችኋል፤ ሙያው ይስማማችሁ እንደሆነ ካወቃችሁ በኋላ ወደላይ መሄድ ትችላላችሁ።

ወደ አሲስታንትነት የሚያስገቡት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም በራሴ አልፌባቸዋለሁ።

መጀመሪያ የገባሁት አጭር ኮርስ ነበር። የግል ትምህርት ቤት፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። ማስታወቂያው «በሦስት ወር ሥራ ያዙ» ይል ነበር። ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ስድስት ወር ያጠራቀምኩትን ከፈልኩ። ስሙን አልጠራም፤ አሁንም ተማሪ እየተቀበለ ነው። ሒሳቡን ያሰላሁት ዘግይቼ ነው፦ አሥራ ሁለት ቅዳሜ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በጠቅላላው 96 ሰዓት። ኮዳ ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት እውቅና ሰጪ ኮሚሽን ለአሲስታንት ፕሮግራም የሚጠይቀው ዝቅተኛው 900 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 300ው በሽተኛ ላይ የሚሠራ የክሊኒክ ልምምድ መሆን አለበት። የእኔ ኮርስ የኮዳ እውቅና አልነበረውም። ሰርተፊኬቱ ያማረ ወረቀት ነበር፤ ቀጣሪዎቹ ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት አልጂኔት የሚባል ዱቄት አለ። በጎማ ሳህን በውሃ ይበጠበጣል፤ በማንኪያ መሰል ጠፍጣፋ መሣሪያ ከሳህኑ ግድግዳ ጋር እየዳመጡ፣ አየር እንዳይቋጥር፣ እንዳይጓጉል አድርጎ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ማቡካት ያስፈልጋል። ወዲያው ትሪው ላይ ተጭኖ በሽተኛው አፍ ውስጥ ይገባል፤ በጥቂት ደቂቃ ይጠጥራል። ኮርሱ ላይ ይህን ያየነው በቪዲዮ ነው። እኔ በዚያ ቀን ለብ ያለ ውሃ ጨመርኩበት። ለብ ያለ ውሃ መጠጠሩን እንደሚያፈጥነው የነገረኝ ሰው አልነበረም። አልጂኔቱ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ሆነ፤ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ። ይህን ስነግራት እናቴ «ታዲያ ገንፎ ስታገነፊ አላየሽም ወይ? ውሃውና ዱቄቱ ካልተለካ እጅሽ ላይ ይጠነክራል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእጅ ሙያ በእጅ ካልተሠራ አይያዝም።

ስለዚህ አጭር ኮርስን በተመለከተ ፍርዴ ቁርጥ ያለ ነው፦ ሥራ ያስገባኛል ብላችሁ ብቻ አትክፈሉ። የግል ትምህርት ቤት ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የኮዳ እውቅና ያላቸው፣ ሙሉ ፕሮግራም የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከኮሌጁ ይወደዳሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ፕሮግራሙ የኮዳ እውቅና አለው?» መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ወይም «ሌላ እውቅና አለን» ከሆነ ቦርሳችሁን ዝጉ። እውቅና ያገኙት ዝርዝር በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሥራ ላይ መልመድ ነው፤ በግል ክሊኒክ ተቀጥሮ እየተከፈሉ መማር። ብዙ ስቴቶች ይህን ይፈቅዳሉ። መጀመሪያ የምትገቡት ማምከኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ መሣሪያ ታጥባላችሁ፣ ትጠቀልላላችሁ፣ ትቀቅላላችሁ፣ ወንበር ታጸዳላችሁ። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ አራት ወር ቆይቻለሁ፤ አልቆጭበትም። የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም በእጄ እየያዝኩ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወንበር ዳር መቀመጥ ይመጣል። ሐኪሙ ዓይኑን ከአፍ ሳያነሳ እጁን ይዘረጋል፤ በቀኝ እጃችሁ መምጠጫውን ይዛችሁ በግራችሁ ቀጣዩን መሣሪያ ታቀብሉታላችሁ፣ ያለፈውን በዚያው እጅ ትቀበሉታላችሁ። ቃል አይነገርም። ይህ ሲሳካ ሥራው ያምራል፤ በእውነት ደስ ይላል።

ችግሩ ያላችሁበት ስቴት ሕግ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ራጅ ለማንሳት የተለየ የራጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቴክሳስ ውስጥ ራጅ የምታነሳ ረዳት በስቴቱ የጥርስ ሕክምና ቦርድ መመዝገብ አለባት። ቨርጂኒያም የራጅ ደኅንነት ትምህርት ወይም ፈተና ይጠይቃል። ራጅ የማያነሳ ረዳት ደግሞ ለክሊኒኩ ግማሽ ረዳት ነው። ሌላው ደግሞ የሚያስተምራችሁ ሰው ፈቃደኝነት ነው። እኔ ጥሩ ሐኪም ገጥሞኝ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከማምከኛ ክፍል አልወጣችም፤ «ነገ አስተምርሻለሁ» እየተባለች።

ሦስተኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ለእኛ አገር ሰው ሳስረዳ የደሴውን ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክን አስቡ እላለሁ፦ የሕዝብ ነው፣ ለአካባቢው ሰው በቅናሽ ያስተምራል፣ ሙያ ይሰጣል። ልዩነቱ ክሬዲቱን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማለፍም መቻሉ ነው። የአሲስታንት ሰርተፊኬቱ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ኢትዮጵያውያን ቅርቡ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ ውስጥ አሲስታንትም ሃይጂኒስትም ያስተምራል። ሚኒሶታ ለሚሄዱ ሴንቸሪ ኮሌጅ አለ።

ኮሌጁ ከሌሎቹ የሚበልጠው ከሁሉ በላይ በፈተናው ነው። ዳንብ የሚባለው የጥርስ ሐኪም ረዳቶች ብሔራዊ ቦርድ ሲዲኤ (የተመሰከረለት የጥርስ ሐኪም ረዳት) የተባለ ማዕረግ ይሰጣል፤ ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦ የራጅ ደኅንነት፣ ኢንፌክሽን መከላከልና የወንበር ዳር ሥራ። የኮዳ እውቅና ካለው ፕሮግራም የተመረቀ ሰው የልምድ ሰዓት ሳይቆጠርበት ይቀመጣል። ሥራ ላይ የለመደ ሰው ግን የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፣ 3,500 የሥራ ሰዓት ያውም ቢያንስ በሁለት ዓመት ውስጥ የተሠራ፣ እና የሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረግ የመጀመሪያ ዕርዳታ) ሰርተፊኬት ማቅረብ አለበት። ከስቴት ወደ ስቴት ስትዛወሩ ይህ ማዕረግ በብዙ ቦታ ይታወቃል፤ የአንድ ሐኪም ምስክርነት ግን በዚያው ክሊኒክ ይቀራል። የእኛ ሰው ደግሞ ይዛወራል፤ ዘመድ ሲያትል ነው፣ ቤት ዳላስ ይረክሳል እያለ።

የኮሌጁ ሕመም ግን አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። ቨርጂኒያ ውስጥ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ከተመዘገባችሁ እጥፍና ከዚያ በላይ ትከፍላላችሁ። እንግሊዝኛችሁ ካልደረሰ መጀመሪያ የቋንቋ ክፍል ትገባላችሁ። ክሊኒካዊ ልምምዱ ቀን ላይ ስለሆነ የቀን ሥራ አብሮ አይሄድም። የፌዴራሉ ዕርዳታ ግን የነዋሪነት ዓመት አይጠብቅም፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ማመልከት ይችላል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ነው፤ ለ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፣ መጠኑ በቤተሰብ ገቢ ይወሰናል። የእኔ አጭር ኮርስ በዚህ ዕርዳታ አይሸፈንም ነበር፤ ኮሌጅ ስገባ ግን አብዛኛውን ክፍያዬን ሸፈነልኝ። መጀመሪያ ባውቅ ኖሮ የስድስት ወር ደመወዜን ባላጣሁ።

ታዲያ ለሁለቱ ምን አልኳቸው?

ለአክስቴ ልጅ ኮሌጁን ነው ያልኩት፣ ግን በሁለተኛው ዓመት። ወንድሙ ጋ ስለሚያርፍ የቤት ኪራይ አይጨንቀውም። የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ክሊኒክ ማምከኛ ክፍል ውስጥ ይሥራ፣ ማታ እንግሊዝኛውን ያጠናክር። ነዋሪነቱ ሲሞላ በነዋሪ ክፍያ ይገባል፤ መሣሪያዎቹንም አውቆ ስለሚገባ ክፍል ውስጥ አይደናገርም። እሱ «ዓመቱ ይባክናል» ብሎ ተከራከረኝ። አይባክንም፤ እየተከፈለው ነው የሚማረው።

ለኮምቦልቻዋ ልጅ ሌላ ነገር ነው የነገርኳት። የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ፣ ባሏ ብቻውን እየሠራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ቀን ክፍል መግባት አትችልም። ዳላስ ክሊኒክ ትግባ፣ ቶሎ የራጅ ምዝገባዋን ታውጣ፣ ሰዓቷን እየቆጠረች ወደ ሲዲኤ ትሂድ። ስትቀጠር አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ፦ «ወንበር ዳር መቼ እጀምራለሁ?» ቀን የማይነግራት ክሊኒክ አያስተምራትም። ሁለቱንም አጭር ኮርስ እንዳይከፍሉ አስምዬ ነው የላክኋቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ የሚያልቅ ሥራም አለ። የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁን ዋናውን ያዙ፣ ከትምህርት ቤት በታሸገ ፖስታ ትራንስክሪፕት አሠሩ፤ ከአሜሪካ ሆኖ ደሴ ሆጤ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሰው መላክ አድካሚ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም የግል ጥርስ ክሊኒኮች አሉ፤ ሐኪሙን በትሕትና ጠይቃችሁ ጥቂት ቀን ጎን ቁሙ። ደም ማየት የማትችሉ ከሆነ ይህን እዚህ ማወቁ ይሻላል። ጀርባችሁንም አስቡበት፤ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ መቀመጥ አንገትና ወገብ ይጎዳል።

ቲቢን በሚመለከት ኮሌጆችና ክሊኒኮች ምርመራ ይጠይቃሉ። በሕፃንነታችሁ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ከተከተባችሁ በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ ሳትታመሙ እንኳ «አለ» ሊል ይችላል፤ በደም የሚደረገውን ጠይቁ፣ እሱ በቢሲጂ አይሳሳትም። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በደም የሚተላለፍ ስለሆነ ለዚህ ሙያ ዋናው ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት ከሌሎች ጋር ተጣምሮ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም። መጀመሪያ ተመርምሮ ነጻ መሆንን ማወቅ፣ ከዚያ ሦስቱን መርፌ መጀመር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪው ክትባቱን በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ኮሌጅ ግን ክሊኒክ ከመግባታችሁ በፊት ይጠይቃችኋል፣ ሦስቱ መርፌ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል።

የኮምቦልቻዋ ልጅ በማግስቱ ተመረመረች፣ ውጤቷ ነጻ ሆነ፤ ረቡዕ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። ሁለተኛው ከወር በኋላ ነው፣ ሳትሄድ ይደርስላታል። ሦስተኛውን ዳላስ ትወስዳለች። የክትባት ወረቀቷን ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች።