ለሁለት ሰው የተባለው ድንኳን በሦስት ወር ጉዞ ሲፈተሽ

እኔና ባለቤቴ ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን በውጭ አገር ለሦስት ወራት ስንዞር ያደርንበት ይህ ድንኳን ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ፣ ጨርቁን እርሷ፣ ምሰሶውንና ካስማውን እኔ ተካፍለን ስንሸከመው አልከበደንም። «ለሁለት ሰው» የሚለው ጽሑፍ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ የወለሉ ስፋት 130 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 64 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሰፋፊ ፍራሾች ሲነጠፉ የሚተርፈው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ተኳርፎ ራቅ ብሎ ለመተኛት እንኳ አይበቃም፤ ሞክረነዋል።

ትልቁ ችግር እርጥበቱ ነው። የሁለት ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ሽፋን ሲነካ ወደ ውኃነት ስለሚለወጥ፣ ንጋት ላይ ጠብታው ግንባራችን ላይ ያርፍ ነበር፤ መተንፈሻውን ማን ዘጋው በሚል ከተጨቃጨቅን በኋላ፣ ብርዱን ችለን ክፍት አድርገነው ማደር ስንጀምር ግን በእጅጉ ቀነሰ። በአንጻሩ ሌሊቱን ሙሉ በዘነበበት ዕለት ከውጭ አንዲት ጠብታ አልገባችም፤ በእጅ ባትሪ ብርሃን ካርታ ዘርግተን የነገውን መንገድ ስንመርጥ ያመሸንበት ያ ምሽት ከጉዞው ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው።

ሁለት በር ያለው በመሆኑ ሌሊት የሚወጣው የተኛውን አይረግጥም፤ ባለ አንድ በሩን ለጥንዶች አልመክርም። ዚፑ ግን አሸዋ ሲገባበት ይይዛል።