ስምንት ወር የሠራ ጋሪ፦ ጎማውን ተዉትና አክስሉ የት እንደተበየደ እዩ

ሻጩ ፈረሱ መሀላቸው የሚገባባቸውን ሁለት ዘንጎች በአንድ እጁ ብድግ ያደርግና «እዩት፣ ላባ ነው!» ይላችኋል። ውሸት የለበትም፤ ባዶው ጋሪ በእርግጥ ላባ ነው። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ የሚጎትተው ግን ባዶ ጋሪ አይደለም፤ ሰው ሲጫን ምን እንደሚሆን ደግሞ እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም አያሳያችሁም።

ይህ ጋሪ ቢሾፍቱ ውስጥ በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራ ስምንት ወር ሞልቶታል። ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ አካሉ ከቱቦላሬ የተበየደ ሲሆን ከፊት ነጂውንና አንድ ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ጀርባቸውን ለነጂው ሰጥተው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ይጭናል። ባለ 13 ኢንች ቸርኬው፣ ጎማውና ኩሽኔታው ከአሮጌ የቤት መኪና የመጡ ናቸው፤ ደህና ናቸው፣ በየሁለት ወሩ ግሪስ ከመቀባት ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጣጣው ሁሉ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው።

ባለ አራት ጎማ ሠረገላ ክብደቱን በራሱ ይሸከማል፤ የፈረሶቹ ሥራ መጎተት ብቻ ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ የታየው፣ ቀድሞ የጀርመኑ ቄሣር የዳግማዊ ዊልሄልም የነበረው ሠረገላ እንዲህ ያለ ነው፤ ከውስጥ ማንም የትም ቢቀመጥ የፈረሶቹ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ነገር የለም። ሁለት ጎማ ሲሆን ግን ጋሪው ራሱ ሚዛን ይሆናል። አክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) መሀሉ ላይ ነው፣ ሰዎቹ ከፊቱና ከኋላው ናቸው፣ የዘንጎቹ ጫፍ ደግሞ ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው። ከአክስሉ ፊት ክብደት ሲበዛ ዘንጎቹ ጀርባውን ይጫኑታል፤ ከኋላ ሲበዛ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሱና የሆድ ጠፍሩ ከሥር ወደ ላይ ያንቀዋል። በለንደን ጆሴፍ ሃንሰም እ.ኤ.አ. በ1834 ባለ ሁለት ጎማ የኪራይ ሠረገላውን ካስመዘገበ በኋላ፣ ጆን ቻፕማን የነጂውን ወንበር ወደ ኋላ ከፍ አድርጎ ያዛወረው፣ የነጂው ክብደት ከፊት የሚቀመጡትን እንዲመዝን ነው። ነገሩ ከተፈታ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእኛ ብየዳ ቤት ግን አክስሉን ዛሬም በዓይን ገምቶ ይበይዳል።

ቁጥሩን ልስጣችሁ። ከአክስሉ እስከ ጀርባው ኮርቻ 190 ሳንቲ ሜትር ነው። ያለ ጎማና ያለ አክስል አካሉ 140 ኪሎ ሲሆን ክብደቱ የሚያርፈው ከአክስሉ 12 ሳንቲ ሜትር ፊት ነው። የፊቱ ወንበር ከአክስሉ 30 ሳንቲ ሜትር ፊት፣ የኋላው ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ኋላ ነው፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። አንድን ሰው 65 ኪሎ ብላችሁ አስሉት፤ እያንዳንዱን ክብደት ከአክስሉ ባለው ርቀት አባዙ፣ የፊቱን ደምራችሁ የኋላውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለ190 አካፍሉ። ባዶ ሲሆን ጀርባው ላይ 9 ኪሎ ግድም ያርፋል፤ ሻጩ በአንድ እጁ የሚያነሳው እሱን ነው። ነጂው ብቻውን ሲቀመጥ 19 ይሆናል። አራት ሰው ሲሞላ ግን ነገሩ ይገለበጥና ዘንጎቹ 12 ኪሎ ወደ ላይ ይስባሉ። ከሁሉም የከፋው ነጂው ከፊት ብቻውን ሆኖ ከኋላ ሁለት ሰው ሲጫን ነው፤ 22 ኪሎ ወደ ላይ! የሆድ ጠፍሩ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ብብቱ ሥር ያለውን ስስ ቆዳ እየፈተገ ነው ማለት ነው። ሰዎቹ ሲወርዱ ደግሞ ዘንጎቹ ተመልሰው ጀርባው ላይ ዱብ ይላሉ። በቀን ሠላሳ ጊዜ ሰው ቢወጣና ቢወርድ ሠላሳ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ፈረሱ ይለምደዋል» የሚል መልስ አለ። አይለምደውም። የሚሆነው በሦስተኛው ወር ብብቱ ሥር ቆዳው መላጥ፣ ጀርባውም መገጠብ ነው። ገጣባ ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ በፈንገስ የሚመጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለው የጋሪ ፈረስ በሽታ የሚገባው በእንዲህ ዓይነቱ ቁስል ነው። ዝንብና ከሌላ ፈረስ የተዋሱት ኮርቻ ያዛምቱታል፣ ደረትና እግር ላይ ተደርድሮ ያብጣል፣ ይፈነዳል፤ ከገባ በኋላ ማዳኑ ከባድ ነው። «ኮርቻው ላይ ጨርቅ ጨምሩበት» የሚለውም ምክር አያድንም። ጨርቁ ከላይ የሚመጣውን ጫና ያለዝባል እንጂ ከሥር የሚያንቀውን ጠፍር ምን ያደርገዋል?

ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ለኩት። የሰው መመዘኛ ሚዛን በጠንካራ ሣጥን ላይ አስቀምጡና ዘንጎቹን በኮርቻው ቦታ ልክ፣ በፈረሱ ቁመት አሳርፉበት። ዘንጎቹ አግድም ይሁኑ፤ ሽቅብ ከቆሙ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና ቁጥሩ ያታልላችኋል። እዚያው ነጥብ ላይ 25 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት እሰሩ፣ ከዚያ ሰው አስቀምጡ። ሚዛኑ ከ25 በታች ካነበበ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ እየጎተተው ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሻጩ ሰው አላስቀምጥም ካለ ትታችሁት ሂዱ።

እርማቱ የተደረገው በአራተኛው ወር ነው። አክስሉ ከነባሌስትራው (ንጥረቱን ከሚያለዝበው፣ ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ከተሠራው ክፍል ጋር) 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተዛወረ፣ የኋላው ወንበር ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መጣ። የሚቆረጠው ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት ብረት ነው እንጂ አክስሉ አይደለም፤ አክስል ላይ ከተበየደ ሙቀቱ ሊያጣምመው ይችላል፣ ኩሽኔታው አጠገብ ከሆነ ደግሞ ግሪሱን ያቃጥላል። ከመበየዱ በፊት ከአክስሉ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ዘንግ ጫፍ፣ ከቀኙም እስከ ግራው በሜትር ለኩ። ሁለቱ ልኮች ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ጋሪው ወደ ጎን እየሄደ ጎማ ይበላል። በአዲሱ ልክ (አሁን ከአክስሉ እስከ ኮርቻው 202 ሆኗል) አራት ሰው ሲሞላ ጀርባው ላይ 22 ኪሎ፣ ነጂውና የኋላ ሁለት ሲሆኑ 9፣ ነጂው ብቻውን ሲሆን 30 ያርፋል። 30ው በዛ፣ አልክድም። ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ በደንብ የተሞላ ኮርቻ፣ መሀሉ ለአከርካሪው ክፍት ከተተወ፣ ይችለዋል።

ባሌስትራውም ያው የግምት ሥራ ነበር። ከፒክአፕ የተነቀለ፣ አምስት ቅጠል ያለው ነው፤ ብዙ መቶ ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ በሦስት በአራት ሰው አይተጣጠፍም፤ እንደ ድንጋይ ነው። ኦባዲያ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1804 ሞላላ ባሌስትራ ያስመዘገበው መንገዱ ሲነጥር ተሳፋሪውም ሠረገላውም እንዳይነጥሩ ነበር፤ የማይተጣጠፍ ባሌስትራ ክብደት ከመጨመር በቀር ምን ይሠራል? ሁለቱ አጫጭር ቅጠሎች ወጥተው ሦስት ሲቀሩ የዘንጎቹ መንቀጥቀጥ በግልጽ ቀነሰ። የጎማው ንፋስ ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ ይበቃል።

ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። የሰዎቹና የአካሉ ክብደት ከአክስሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ 5 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ሙሉ ጋሪ ጀርባው ላይ ተጨማሪ 10 ኪሎ ይጥላል። ፍሬን ስለሌለው ደግሞ 40 ኪሎ በሚሆን ኃይል ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል። በጭኖቹ ዙሪያ የሚያልፍ የኋላ ጠፍር ከሌለ ያንን ሁሉ የሚይዘው ኮርቻው ነው፣ ማለትም ጀርባው። ጋሪው ሲሸጥ ይህ ጠፍር አልነበረውም። «ሁሉም ጋሪ ያለሱ ነው የሚሄደው» ተባለ፤ አዎ፣ ስለዚህም ነው በየመንገዱ የተገጠበ ፈረስ የምናየው።

ጋሪው አይሸጥም። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ብየዳው አልተሰነጠቀም፣ አሁን ደግሞ ሚዛኑ ተስተካክሏል። ከተስተካከለ ወዲህ አዲስ ቁስል አልታየም፤ ብብቱ ሥር የነበረውም ድኖ ቦታው ላይ ነጭ ፀጉር አብቅሏል። ነጩ ፀጉር ግን አይጠፋም።