ከውጭ አገር የሚመጡ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚያክመው የሆሎኑ ዎልፍሰን ሆስፒታል፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

ልጃቸው የልብ ሕመም እንዳለበት የተነገራቸው ወላጆች በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ደጋግመው ከሚሰሟቸው ወሬዎች አንዱ «እስራኤል አገር በነጻ ያክማሉ» የሚለው ነው። ወሬው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እንደ አብዛኛው ወሬ ለሰሚው የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ኑሮዬ እስራኤል በመሆኑና አማርኛ የሚችል ሰው ሲፈለግ ከቴል አቪቭ አጠገብ ሆሎን ከተማ ወደሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል ለማስተርጎም ስለምሄድ፣ አገልግሎቱን በቤተሰቦቹ በኩል ሆኜ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ሚዛኔን አስቀድሜ ልናገር፤ ቀዶ ሕክምናውና ከእርሱ ጋር ያለው እንክብካቤ እጅግ ጥሩ ነው፤ የልጁን የወደፊት ጤና የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት የሆነውና ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የሚሆነው ነው።

ሥራውን የሚመራው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ከአሜሪካ ወደ እስራኤል የገቡት የልብ ቀዶ ሐኪም ዶክተር አሚ ኮኸን ናቸው። ከታሪኩ መነሻ ላይ ኢትዮጵያ አለች፤ ለሥራው ምክንያት የሆነው ከኢትዮጵያ የቀረበላቸው የሁለት ሕፃናት የእርዳታ ጥያቄ ነበርና። ዶክተር ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 የኪሊማንጃሮን ተራራ ሲወጡ ሕይወታቸው አልፏል፤ የቀዶ ሕክምናውን ቡድን የመሩት ዶክተር ሊዮር ሳሶን ሥራውን አስቀጥለውታል። እስካሁን ከ60 በላይ ከሚሆኑ አገሮች የመጡ ከ7,000 በላይ ሕፃናት የታከሙ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ከዌስት ባንክና ከጋዛ የመጡ ፍልስጤማውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱ የተባበሩት መንግሥታትን የሥነ ሕዝብ ሽልማት ተቀብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በዎልፍሰን ግቢ በሲልቫን አዳምስ ስም የተሰየመው የሕፃናት ሆስፒታል ተከፍቷል።

አገልግሎቱን በትክክል ለመመዘን ልጆቹ ይዘውት የሚመጡትን ሕመም ማወቅ ግድ ይላል። አንዱ ወገን አብሮ የሚወለደው ነው፤ ይኸውም በልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ፣ ከተወለዱ በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረ የደም ሥር፣ ወይም ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለውና ከንፈርንና ጥፍርን የሚያጠቁረው ነው። ሌላው ወገን በእኛ አገር ሰው አነጋገር «ቶንሲሉ ልቡ ላይ ወጣ» የሚባለው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሲሆን፣ በጊዜው በፔኒሲሊን ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሰውነትን የመከላከያ ኃይል በገዛ ልቡ ላይ እያስነሣ የልቡን በሮች (ቫልቮች) የሚያጠብና የሚያበላሽ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ወላጅ ሊከላከለው አይችልም፤ ሁለተኛው ግን በአንድ ጤና ጣቢያ ሊቀር የሚችል ነገር ስለሆነ፣ ለዚያ ሲባል የአንዲት ልጅ ደረት ተከፍቶ ሳይ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ወላጆች የማይነገራቸው ከባድ ነገር ምርጫው ነው። ወደ እስራኤል የሚሄደው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የታመመው ልጅ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምናው ይጠቀማል ተብሎ በሐኪሞች የተወሰነለት ነው። ትልቅ ቀዳዳ ያለበት ልጅ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ፣ ከልኩ በላይ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም የሳንባውን የደም ሥሮች ያደድራቸዋል፤ ግፊቱም ከፍ እያለ ሄዶ መመለሻ ወደሌለው ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳውን መዝጋት ልጁን ያድነዋል ማለት ቀርቶ ሊገድለው ይችላል። ድርጅቱ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ታንዛኒያና ወደ ዛንዚባር ቡድን እየላከ ከአገሩ ሐኪሞች ጋር ሕፃናትን በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲመረምር ከሚያከናውናቸው ሥራዎች ከባዱ ለእንደነዚህ ዓይነት ልጆች ወላጆች «አይቻልም» ማለት ነው። ወላጅ ይህን መልስ በዘመድ ወይም በገንዘብ እጦት የመጣ አድርጎ ይወስደዋል፤ አይፈረድበትም፣ ያስረዳው ሰው የለምና። ለእኔ ግን የአገልግሎቱ ሐቀኝነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያክም ቦታ ተመሳሳዩን ልጅ «እንሞክር» ብሎ ሊያስመጣው ይችል ነበር።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ፣ ቤተሰቡ ለሕክምናው አይከፍልም፤ ወጪው ከለጋሾች በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚሸፈን ነው። ለሕንድና ለታይላንድ ሆስፒታሎች የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ይዘው፣ ቤት ሸጠው፣ በቴሌቪዥንና በጎፈንድሚ ለምነው የሚሄዱ ቤተሰቦችን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያስረዱትም። ነገሩ ነጻ በመሆኑም ደላላ አያጣውም። አዲስ አበባ ውስጥ «ስምህን ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ» እያለ ከአንድ የማውቀው አባት ገንዘብ የተቀበለ ሰው ነበር፤ ወዴት እንደገባ አልታወቀም። ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው የልጁ የልብ ሐኪምና የኤኮ ውጤቱ ብቻ ስለሆኑ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ በሩን መዝጋት ነው።

ወደ ሆስፒታሉ ስንገባ፣ የሚታየው ሁሉ ሥርዓት ያለው ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ልጁ ጣት ላይ የምትሰካው ቀይ መብራት ያላት ትንሽ መቆንጠጫ በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በመቶኛ ታሳያለች፤ በፋሎት ምክንያት ከንፈሩ ጠቁሮ የመጣ ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 70ዎቹ ውስጥ የነበረው ቁጥሩ ከተስተካከለለት በኋላ ከ90 በላይ ሲሆን፣ ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ከቁጥሩ ይልቅ በጥፍሩ ቀለም ታውቀዋለች። ከመተንፈሻ መሣሪያው እንደተላቀቀ ቁጭ ያደርጉታል፣ ብዙም ሳይቆይ ያስሄዱታል። የሐበሻ እናት በዚህ ጊዜ ትደነግጣለች፤ ደረቱ የተሰፋ ልጅ ተሸፋፍኖ መተኛት አለበት ብላ ታምናለችና። አክታው እንዲወጣለት ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ እንዲስል ያደርጉታል፤ ሳንባው እንዲከፈትም የሳሙና አረፋ ያስነፉታል። አንድ ሲስተር ከአንድ ልጅ ጋር አረፋ ሲነፉ ሳቅ ሲያቋርጣቸው አይቻለሁ፤ ልጁ ሕክምና ላይ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ከአፍሪካ የሚመጡት ልጆች በአብዛኛው በቡድን ነው የሚጓዙት፤ ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር ሲመጡ ከፍ ያሉት ግን ከአገራቸው ከምትላክ ነርስ ጋር ሊመጡ ይችላሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ወዲያው ወደ አገራቸው አይሳፈሩም፤ ድርጅቱ ባዘጋጀው የልጆች ቤት ሆነው ክትትላቸው እስኪያልቅ ይቆያሉ፤ ይህም በጠቅላላው ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ቤቱ ለዓይንም ለመንፈስም ጥሩ ነው፤ ከተለያየ አገር የመጡ ልጆች ቋንቋ ሳይኖራቸው ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶችም በተራ ያበስላሉ። እንጀራ የሚያመጡ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አሉ፤ ይመስገኑ፣ ነገር ግን ጨው የበዛበት ወጥ ለልብ ሕመምተኛ አይበጅምና ሲስተሯን አስፈቅደው ቢያደርጉት እመክራለሁ። ልጁን ለብቻው መላክ ግን ቀላል ነገር አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ እናቱን በቪዲዮ ስልክ ብቻ እያየ ወራት መቆየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ሁሉንም ወላጅ ማምጣት የሌሎችን ልጆች ተራ እንደሚያጠብ ስለማውቅ አሠራሩን ለመውቀስ አልደፍርም፣ ቢሆንም ልጁን የሚልክ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ለልጁ መንገር አለበት።

የቋንቋው ነገር በእኛው በአስተርጓሚዎቹ በኩል ያለ ጉድለት ነው። «ከኢትዮጵያ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ ይጠራል፤ የመጣችው ልጅ ግን ከሲዳማ ወይም ከሶማሌ ክልል ልትሆንና የእኔን አማርኛ ከዕብራይስጡ ላትለየው ትችላለች። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ሶማልኛ የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች በዚህ አገር አሉና ቢመዘገቡ ትልቅ እገዛ ነው። ቋንቋው ሲገጥም ደግሞ ይሉኝታ ይመጣል። እናት ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች ትቀበላለች፤ ከወጣን በኋላ ኮሪደር ላይ «እንዲያው ምን አሉኝ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት የተነገራትን በራሷ አነጋገር መልሳ እንድትነግረኝ መጠየቅ ልማድ አድርጌያለሁ፤ መድኃኒት አሰጣጥ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ላይ ስለሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መመለሱ ነው። ቀዳዳው የተዘጋለት ልጅ ብዙ ጊዜ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል፤ ቤተሰቡም ሊያርፍ ይችላል። የሩማቲክ ሕመምተኛው ግን እንዲህ አይደለም። ጉሮሮው እንደገና ቢያመረቅዝ የተጠገነው በር እንደገና ይበላሻልና፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም ዕድሜ ልክ መወጋት አለበት። የብረት በር የተተከለለት ልጅ ደግሞ ደሙ በሩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን በየቀኑ ይወስዳል፤ መጠኑንም ለማስተካከል አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል። ይህ ምርመራ በወረዳ ጤና ጣቢያ አይገኝም። በተጨማሪም ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ በዓቢይ ጾም በየቀኑ ጎመን የበላ ልጅ ፋሲካ ሲደርስ ድንገት ቢተወው ደሙ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል። ጎመኑን መተው አያስፈልገውም፤ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን መብላት ነው የሚሻለው። ይህን የሚነግር ወረቀት በሆሎን ሊጻፍ ይችላል፤ የሚያስፈጽመው ግን የአገር ቤቱ ክሊኒክ ነው። ለሴት ልጅ ነገሩ ይብሳል፤ ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ የዛሬዋ የአሥር ዓመት ሕፃን ወደፊት ለመውለድ ስታስብ ልዩ ክትትል ያስፈልጋታል። ሐኪሞቹ በተቻለ መጠን በሩን ከመለወጥ ይልቅ መጠገንን የሚመርጡት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ «ለምን አዲስ አልተከሉላትም» ብለው የሚያዝኑ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ፀበል የሚያስጠምቁ ቤተሰቦችም አሉ፤ የእምነታቸው ነውና የሚከለክላቸው የለም፣ መድኃኒቱን እስካላቋረጡና ልባቸው የደከመ ልጆችን ብዙ ውኃ እስካላስጠጡ ድረስ።

ድርጅቱ ይህን የመመለስ ችግር በከፊል የሚፈታበት መንገድ ባለሙያ ማሠልጠን ነው፤ እኔ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ከፍ ያለ ነጥብ የምሰጠውም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ያየህይራድ መኮንንና ታንዛኒያዊው ዶክተር ጎድዊን ጎድፍሬይ የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምናን በዎልፍሰን የተማሩ ናቸው። አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻውን ግን ምንም አያደርግም፤ ማደንዘዣ ሰጪ፣ የልብና የሳንባ ተተኪ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያና የጽኑ ሕሙማን ነርሶች አብረው ካልተዘጋጁ እጁ ይታሰራል። በጥቁር አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የሕፃናት የልብ ማዕከል ለዓመታት በውጭ ቡድኖች እየታገዘ የሠራውም፣ ዛሬም ከሚችለው በላይ የሆነ ተራ ጠባቂ ያለበትም፣ ከሐኪም እጥረት ጋር የዕቃ አቅርቦትና የውጭ ምንዛሪ ችግር ተደምሮበት ነው። ወደ ውጭ የሚላኩት ልጆች ከተራ ጠባቂው ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ተስፋውን በሙሉ እዚያ ላይ የጣለ ቤተሰብ አገር ውስጥ የሚመጣ ተራ እንዳያመልጠው ሁለቱንም መከታተል ይኖርበታል።

ዕድሉ ሊደርሳቸው ለሚችሉ ቤተሰቦች፣ ከጉዞው በፊት መሟላት ካለባቸው ነገሮች መካከል ችላ የሚባለው ጥርስ ነው። የተበላሸ ጥርስ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ወደ ደም ገብቶ በልብ በር ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ጥርሱ መታከም አለበት፤ ይህ አዲስ አበባ ላይ ቢያልቅ ልጁ ሆሎን ደርሶ ቀጠሮው አይጓተትበትም። ከፓስፖርቱና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር የቅርብ ጊዜ የኤኮ ውጤቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የክትባት ካርዱን፣ እንዲሁም ሲመለስ የሚከታተለውን ሆስፒታልና ሐኪም ስም በአንድ ፋይል ይያዙ። የመጨረሻው ባዶ ከሆነ ግን መጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ።