ለማስተርስ የሚጠራቀም ብር የት ይቀመጥ? ሐዋሳ ላይ ያሉ አማራጮች ሲመዘኑ

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ባንክ አይቸግርም፤ አንዱን ቅርንጫፍ ሳይጨርሱ ሌላው ይጀምራል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ወላጆች መስኮቱ ጋ ሲደርሱ የሚጠይቁት ግን አንድ ነው፦ «ወለዱ ስንት ነው?» መጠየቁ ደግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብሩ በየትኛው ወር እንደሚፈለግና እስከዚያ ድረስ ማን ሊነካው እንደሚችል መታወቅ አለበት። አማራጮቹን የመዘንናቸው በዚህ ነው።

ተራው የቁጠባ ደብተር ለማጠራቀም ጥሩ፣ ለማቆየት ደካማ ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ልጁ ተማሪ በማስጠናትም ሆነ በሌላ ሥራ ከሚያገኘው ላይ ወላጅ ጨምሮለት በወር 1,500 ብር ቢያስገባ፣ በሦስት ዓመት 54,000 ብር ይሆናል። በ7 በመቶ፣ ወለዱ በየወሩ ከዋናው ጋር እየተደመረ ቢሄድ፣ ወደ 5,900 ብር ገደማ ይጨምራል፤ ከዚያ ላይ የወለድ ግብር ይቆረጣል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ላስታወሰ ይህ ወለድ ትርፍ አይባልም፣ የኪሳራ ማለዘቢያ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ቀዳዳ ወለዱ የሚታሰብበት መንገድ ነው። በየቀኑ ባለው ሂሳብ የሚያስብ ባንክ አለ፣ በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ሂሳብ የሚያስብም አለ። በሁለተኛው ዓይነት ላይ 20,000 ብር ያለው ተማሪ በ12 ቀን 15,000 አውጥቶ በ15 ቀን ቢመልሰው፣ የዚያ ወር ወለድ የሚታሰብለት በ5,000 ብር ብቻ ነው። ለሦስት ቀን ብድር 87 ብር ከ50 ሳንቲም ከፈለ ማለት ነው፣ ሳያውቀው። ስለዚህ ደብተሩ ከመከፈቱ በፊት «ወለዱ በቀን ነው በወር ዝቅተኛ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱን የማያውቅ ሠራተኛ ካጋጠመ ኃላፊውን ማነጋገር ነውር የለውም።

በማን ስም ይከፈት? ልጁ 18 ዓመት ስለሞላው ለብቻው መክፈት ይችላል፤ እኛ ግን የጋራ ሂሳብ እንመርጣለን። ቅጹ ላይ ማን ገንዘብ እንደሚያወጣ የሚገልጽ ቦታ አለ፤ «ከሁለት አንዱ» ከተባለ ጋራነቱ የስም ብቻ ነው፣ «ሁለቱም በአንድነት» ከተባለ ብር የሚወጣው በሁለት ፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ሂሳብ በሞባይል ባንኪንግ እንደልብ አይንቀሳቀስም። ለዚህ ዓላማ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ የቴሌብር ሳንዱቅን የመሰለ በስልክ የሚቆጠብበት መንገድ ለመጀመር ቀላል የሆነውን ያህል ለማፍረስም ቀላል ነው፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ሆኖ ይፈርሳል። ችግሩ ልጁ ተመርቆ ሌላ ከተማ ሥራ ሲይዝ ይመጣል። ከመሄዱ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ለወላጁ ካልተወ አንዲት ፊርማ ፍለጋ የአውቶቡስ ጉዞ ታስከትላለች። ስሙ በፋይዳ መታወቂያው፣ በባንኩና በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲኖረውም አሁኑኑ ይታይ።

እቁብ ወለድ የለውም፣ ግን ከሁሉም በላይ ያስቆጥባል። ባንክ የዚህን ወር ለምን አላስገባህም ብሎ አይደውልም፤ የእቁብ ዳኛ ይደውላል። 24 ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል እጣው 12,000 ብር ነው፣ ዙሩም አምስት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። እጣ በሦስተኛው ሳምንት የደረሰው ሰው ብሩን በ7 በመቶ እስከ ዙሩ ፍጻሜ ቢያስቀምጠው የሚያገኘው 340 ብር ያህል ነው። እጣ ቶሎ ስለወጣ የሚገኘው ጥቅም ይህችው ናት፤ እጣ ለመግዛት ከዚህ በላይ የሚከፍል ተማሪ ከስሯል። የሚበላሸው እጣ ከወጣ በኋላ ነው፦ 12,000 ብር ሙሉውን እጅ ላይ ሲገባ አዲስ ስልክ ይታያል። ብሩ በወጣበት ቀን በቀጥታ ወደ ጋራው ሂሳብ መግባት አለበት። ዋስ የማይጠይቅ እቁብ ውስጥ ልጅን ማስገባት ደግሞ አንመክርም።

አሁን ወደ ወደድነው እንምጣ። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ሰው ሁሉ ፊክስድ የሚለው፣ የተጠራቀመውን ለማቆየት ከሁሉም ይሻላል፣ በተለይ የመጨረሻውን አንድ ዓመት። ወለዱ በስምምነት ነው፤ ብዙ ብር ያለው ይበልጥ ይደራደራል። ለምሳሌ 30,000 ብር ለአንድ ዓመት በ12 በመቶ ቢስማሙ 3,600 ብር ያስገኛል፣ በ7 በመቶ 2,100 ብር ነው። ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ዞሮ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ልዩነቱ 1,500 ብር ነው። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይነበብ፦ ቀኑ ሳይደርስ ቢፈርስ ወለዱ ጨርሶ ይቀራል ወይስ በተራ ቁጠባ ይታሰባል? ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይታደሳል? ወለዱስ የት ሂሳብ ይገባል? በራሱ የሚታደስ ውል ለማስተርስ አደገኛ ነው። ምዝገባው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ሊውል ስለሚችል፣ ውሉ ነሐሴ ላይ እንዲያበቃ ማድረግና «አይታደስ» የሚል ቃል በጽሑፍ ማስገባት ይሻላል።

የቁጠባና ብድር ማኅበር ለዚህ አይመችም። የተቆጠበው ብር አባልነት ሳይለቀቅ በቀላሉ አይወጣም፤ ጥቅሙ በቁጠባው መጠን ብድር ማስገኘቱ ነው። ደሞዝተኛ የሆነ ወላጅ ለክፍያው ጉድለት ሊጠቀምበት ይችላል፣ ተማሪ ግን አይግባበት። የግምጃ ቤት ሰነድ፣ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት፣ ከ28 እስከ 364 ቀን የሚቆይ ነው፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከፊክስድ የበለጠ ጣጣ አለው።

ውጭ አገር ለመማር የሚያስብ ልጅ ካለ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ አይታመን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር የተጠራቀመው ለማመልከቻ፣ ለቋንቋ ፈተናና ለፓስፖርት ይበቃል፤ የትምህርት ክፍያው ከስኮላርሺፕ መምጣት አለበት።

በጀት ሲያዝ የሚረሳው ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ወጪው የሚጋራው ዕዳ፣ ነው። ልጁ በየዓመቱ የሚፈርምበት ውል ድምሩ የሚታወቀው ሲመረቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከመልቀቁ በፊት ስለ ዕዳው ማስረጃ ይጠይቃል፣ ማስተርስ የሚቀበለው ተቋም ደግሞ ኦፊሻሉን ይፈልጋል። የመግቢያ ፈተናውን ጋትን አልፎ በትራንስክሪፕት ምክንያት ምዝገባ ያመለጠው ተማሪ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የዕዳው ድምር ከሬጅስትራር ተጠይቆ፣ ያን ያህል ብር ከፊክስዱ ውጭ በተራው ደብተር ላይ ይቀመጥ፤ የሚከፈለው ከትምህርት ክፍያው ቀድሞ ነው።